ለሰው ሁሉ የሚመልሱት እትዬ የትነበርሽ

ጎንደር ውስጥ፣ ከቀሐ እስከ አዘዞ፣ መላሽ የሌለው ሰፈር ካለ ጥሩኝ። ሐኪም «ምንህን ነው ያመመህ?» ሲልህ፣ አንተ አፍህን ሳትከፍት «ወገቡን ነው» የሚል ሰው ማለቴ ነው።

የመላሾች ሁሉ የበላይ ክብርት እትዬ የትነበርሽ ናቸው። ያገኘኋቸው አዘዞ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እኔ ታብሌት ያንጠለጠልኩ የሕዝብ ቆጣሪ፣ እሳቸው ነዋሪ። የተሰጠኝ ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ ትናንት እዚያ ያደረውን ሁሉ መዝግብ።

ገና በሩ ላይ አስታማሚዋ «የመጨረሻውን ክፍል ይለፉት» አለችኝ። «አያ ውድነህ ዛሬ ነገ የሚባሉ ናቸው። ውጤቱ ሳይወጣ ያርፋሉ።» እኔም ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኩ።

«እኔ ልንገርህ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ፤ እትዬ የትነበርሽ ናቸው። «ሃያ ሦስት ነን። አንድም አይጎድል!»

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። መጦሪያ ውስጥ እኖራለሁ የሚል ሰው ጠፋ። አያ ዳኛው «እኔ እንኳ እንግዳ ነኝ፤ ኮሶዬ ከተማ፣ ልጄ ቤት ቁጠረኝ» አሉ።

«እኔ ልንገርህ፤ እንግዳ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ። ጻፈው!»

እትዬ እናኑ ዕድሜያቸውን ስልሳ አምስት አሉ።

«እኔ ልንገርህ፤ ሰባ አራት። ስልሳ አምስትን ታናሿም ካለፈችው ቆየች።»

እንዲህ እያሉ ሃያ ሁለት ሰው አስቆጠሩኝ፣ ራሳቸውን ጨምሮ። ታብሌቱን አስረክቤያቸው ልሄድ ምንም አልቀረኝ። አፌን ከፍቼ ልሰናበት ስል እጄን ይዘው ወደ መጨረሻው ክፍል ጎተቱኝ።

«ምነው! እስትንፋሱ አለ አይደል? ሰው ነው እኮ!»

አያ ውድነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ስማቸውን ጠየቅሁ። እንደለመድኩት ወደ እትዬ የትነበርሽ ዞርኩ።

«ለእሱስ አልመልስም» አሉ ዝግ ብለው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ራሱ ይበል። ምን አስቸኮለህ?»

ጠበቅን። ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። አንዱ ሞላና ሄደ፣ ሌላው መጣ።

«ውድነህ... ማሬ» አሉ አያ ውድነህ በመጨረሻ።

«ዕድሜዎስ?»

«ሰማንያ ሁለት።»

የእትዬ የትነበርሽ አፍ ተከፈተ። ደግሞ ተዘጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትግል አላየሁም፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገትሯል።

ስወጣ በሩ ድረስ ተከትለውኝ መጡና ጆሮዬ ሥር ሹክ አሉኝ።

«ሰማንያ ስምንት ነው። አደራህን፣ እሱ እንዳለው ተወው።»

ወደድኳቸው፤ ምን ላድርግ። ሰማንያ ሁለት ብዬ ላክሁት።