ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ

አንባቢዬ፣ "ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ" የሚል ሹም አጋጥሞህ ያውቃል? የእኛ ወረዳ ሹም ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጥሃል፤ ስለ ሌላ የሚቀርብ አቤቱታ ግን አይሰማም።

የደብራችን ቄስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለው የመንግሥት ደን ከነጉሬዛው እያለቀ ስለሆነ ጥበቃ እንዲቆምለት ሊጠይቁ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

"ባለጉዳዮቹ እነማን ናቸው?" አለ ሹሙ።

"ጉሬዛዎቹ።"

እንግዲህ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ወረፋ ይያዝ?

"አባ፣ የሰውን አቤቱታ መች ጨረስን?"

"ሰውማ አቤት ማለት ያውቅበታል፣ ልጄ። በእኛ ቅጥር ያሉት ጉሬዛዎች ጎህ ሲቀድ ይጮኻሉ። ድሮ የማዶዎቹ ይመልሱላቸው ነበር። ዘንድሮ ጮኸው ጮኸው፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።"

ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማዶ የቀረ አለ?" አለ።

"ከፈጠናችሁ አለ።"