የሞተር ሐኪሙ ልብስ ሰፊ

የአሮጌ መኪና ኮፈን ተከፍቶ አንድ ሰው ብቅ የማይልበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ማንም አይጠራውም፤ ግን ይመጣል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ሞተሩን ያያል፤ ባለቤቱን ያያል፤ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የበሽታውን ስም ይናገራል። ራሱ መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድም የለውም። ይህ ግን በእውቀቱ ላይ ቅንጣት ታህል ጥርጣሬ አሳድሮበት አያውቅም።

የዚህኛው ሰፈር ሰው በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ አውርደው ስለማያውቁ፣ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሲጥሉ ደግሞ ሜትሩ የልብ ማዳመጫ ስለሚመስል፣ ሰዉ «ዶክተር» ይላቸዋል። ማዕረጉ በቀልድ ነው የተሰጠው፤ እሳቸው የተቀበሉት ግን በቁም ነገር ነው። ምርመራቸውን የሚጀምሩት «ዝም በሉ፣ ይናገር» ብለው ነው። የሚጨርሱትም «ጆሮዬ አይሳሳትም» ብለው።

ጆሯቸውስ ይሳሳታል። የዳቦ ቤቱን ፒክአፕ «ካርቡራተሩ ታፍኗል» ብለው ግማሽ ቀን ሲያስፈቱ ዋሉ፤ ነዳጅ ማለቁን ያወቀችው የባለ ዳቦ ቤቱ ሚስት ናት። የመምህሩን መኪና ፈትተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተረፈ። ዶክተሩ ብሎኖቹን ትክ ብለው አይተው «ፋብሪካው ብሎን ያበዛል» አሉና ኪሳቸው ከተቱ። መምህሩ ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናውን የሚያሠራው ሌላ ሰፈር ወስዶ ነው።

ሁልጊዜ የሚድንላቸው አንድ በሽተኛ ብቻ ነበር፤ የግድግዳ ጎረቤታቸው የነበረው ሰውዬ ነጭ መኪና። ያቺ መኪና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደህና ሠርታ እሁድ ጠዋት፣ ልብስ ስፌቱ በሚዘጋበት ቀን፣ አልነሳም ትላለች። ሰውዬው በአጥሩ በኩል «ዶክተር፣ ይህቺ ነገር ዛሬም ታመመች» ብሎ ይጣራል። ዶክተሩ ይመጣሉ፤ ያዳምጣሉ፤ አንዱን ሽቦ ነካ ያደርጋሉ፤ «አሁን ሞክር» ይላሉ። ሞተሩ ይነሳል። የሰውዬው ልጅ ያደገችው ይህን በመስኮት እያየች ነው። ሁለቱ ሰዎች ኮፈኑ ላይ ተደግፈው እስከ እኩለ ቀን ሲከራከሩ ትሰማ ነበር፤ በሕይወቷ ስለ ሞተር ካንዴላ ያን ያህል የተጨቃጨቀ ሰው አይታ አታውቅም።

አባቷ የሞተው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ከግቢው አልተነቃነቀችም። እናቷ ጠዋት መስኮት በከፈተች ቁጥር ባሏ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ የቆመ እየመሰላት መልሳ ትዘጋዋለች። በመጨረሻ ቆረጠችና የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጠራች፤ እሁድ ከሰዓት በፊት መጥቶ ጭኖ ሊወስዳት ተስማሙ። ልጅቷ ለመነች። መኪና መንዳት የተማረችው በእሷ ነው፤ የአባቷ ጠረን እስካሁን ያለውም እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። እናቷ «ከተነሳችልሽ ያንቺ ትሁን፤ ካልተነሳች ግን ከዓይኔ ትራቅልኝ» አለቻት።

እሁድ በጠዋት ልጅቷ ከራሷ ቤት አዲስ ባትሪና አንድ ጀሪካን ነዳጅ ይዛ መጣች። ባትሪውን ገጠመች፤ ነዳጁን ሞላች፤ ቁልፉን አዞረች። ማስነሻው ሞተሪኖ እንደ ጉድ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እሳት አልያዘም። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። መደገፊያውን ብረት ሰክታ ሳትጨርስ ዶክተሩ ሜትራቸውን አንጠልጥለው ከበሩ ገብተዋል። የጠራቸው እንደሌለ ያወቁ ይመስል ትንሽ እንደማፈር ብለው ቆሙ።

«አንቺ አባትሽ ቦታ ተቀመጪ» አሏት። «ሞተር ስናስነሳ እሱ ከዚያ ተነስቶ አያውቅም።»

ተቀመጠች። ዶክተሩ አዳመጡና ባትሪው ነው አሉ። አዲስ መሆኑን ስትነግራቸው ቅር ሳይላቸው ወደ ካንዴላዎቹ ዞሩ፤ አራቱንም አውጥተው በስፌት መኪና ብሩሽ ጠረጉ። ካርቡራተሩን በመርፌ ቆረቆሩት። የባትሪውን ገመድ አጠበቁ፣ አላሉ፣ መልሰው አጠበቁ። በየመሀሉ ቀና እያሉ «አሁን ሞክሪ» ይሏታል፤ ትሞክራለች፤ ምንም የለም። ደግሞ እየደጋገሙ ወንበሩን ወደፊት ሳቢው፣ እግርሽ አይደርስም ይሏታል። እሷም በደንብ ይደርሳል፣ ሞተሩን ይዩልኝ ትላለች። አንዴ ሜካኒክ ልጥራ ብላ ስልኳን ስታወጣ ፊታቸው ሲጠቁር አይታ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የብረት ነጋዴው መኪና ደርሶ በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ያኔ ዶክተሩ ከሞተሩ ላይ ቀና አሉ። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ፤ በጣታቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔንጃ፣ ልጄ» አሉ።

ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው በዚያ ሰፈር የለም። ልጅቷ ለመኪናዋ ከደነገጠችው በላይ ለእሳቸው ደነገጠች። ሜትር የሌለበት አንገታቸው የቀጠነ መሰላት፤ ሽማግሌ መሆናቸውን ልብ ያለችው ገና አሁን ነው። የምታደርገው ቢጠፋት፣ ጠዋቱን ሙሉ የጨቀጨቋትን እንኳ ልፈጽምላቸው ብላ ወንበሩን ወደፊት ልትስብ እጇን ወደ ሥር ሰደደች።

ጣቷ የወንበሩን ማላቀቂያ ሳይሆን አንድ ትንሽ ማጥፊያ ነካ። ከእሱ የሚወጣውን ሽቦ በጣቷ ተከተለችው፤ ምንጣፉን አልፎ ወደ ቁልፉ ነው የሚሄደው። የሌባ መከላከያ ነው፤ እሱ ካልተገፋ ሞተሩ እሳት አይይዝም። አባቷ ቁልፉን በቀኝ እጁ ሲያዞር ግራ እጁ ሁልጊዜ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደነበር ትዝ አላት። መኪናዋ አንድም ቀን ታማ አታውቅም። እሁድ እሁድ መታመም የጀመረችው፣ አሁን ሲገባት፣ የዶክተሩ ሚስት ካረፉበትና ቤቱ ባዶ ከሆነባቸው ዓመት ጀምሮ ነው።

እንባዋ መጣ። ወርዳ ማጥፊያውን ልታሳያቸው አሰበችና ተወችው።

«ዶክተር» አለች፣ «ሌላውን ይተዉትና ያቺን ሽቦ አንዴ ይንኩልኝ።»

«የቷን?»

«እርስዎ ያውቋታል።»

ጎንበስ አሉ። አንዱን ሽቦ ነካ አደረጉ። እሷ በግራ እጇ ማጥፊያውን ገፋች፤ በቀኟ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳል ብሎ፣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ፤ ኮፈኑ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ። እናቷ መስኮቱ ላይ መጥታ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። የብረት ነጋዴው ባዶ መኪናውን ወደ ኋላ አወጣ።

ዶክተሩ ሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሁለቱን ጫፍ አስተካክለው አንገታቸው ላይ መለሱት። «ጆሮዬ አይሳሳትም» አሉ፤ ለብረት ነጋዴው ነው፣ እሱ ግን አልሰማቸውም። ከዚያ ወደ ሹፌሯ መስኮት ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትሽ ከወንበሩ ሥር ይህን ያህል አይፈልግም ነበር።»

ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ሌላ እያዩ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር።

«እሁድ እናትሽን ልትጠይቂ መምጣትሽ አይቀርም» አሉ። «ድንገት ከታመመች በአጥሩ በኩል ተጣሪ።»

«ትታመማለች ዶክተር» አለች። እጇ ገና ከወንበሩ ሥር ነበር።