ለእሳት የተቀመጠው ጋን

ሰው አካፋ የያዘ ካየ መንግሥትን ያየ ይመስለዋል። እናንተ ልብ ብላችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በገዛ ወገቤ ያየሁት ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ከአራዳ ገበያ ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ የምሠራ የማዘጋጃ ቤቱ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ድንጋይ እፈልጣለሁ፣ የፈለጥኩትን እሸከማለሁ፣ የተሸከምኩትን አነጥፋለሁ፣ ሲመሽ ወገቤ የኔ ይሁን የሌላ ሰው ሳልለየው እተኛለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ያለን ዝምድና ይችው ናት። ሹሞቹ ስሜን አያውቁም፣ እኔም ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። የአራዳ ሰው ግን ይሄን አይሰማችሁም። አካፋው የማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ የያዘውም የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ ደግሞ ሕጉን ያውቃል። አለቀ።

እናም ይጠይቁኛል። ገና ጎንበስ ስል አንዷ መጥታ አመድ የት ነው የሚደፋው ትለኛለች። ቀና ስል ሌላው፣ ውሻዬን ቀን አስሬ ማታ ብለቀው ያስቀጣኛል ወይ ይላል። አንዱማ፣ ማታ ያለ ፋኖስ መሄድ ክልክል ከሆነ፣ ፋኖስ ከያዘ ሰው ኋላ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚህን መልስ እኔም ብሰማው ደስ ይለኛል። ዳዊት ሳልደግም ከቄሱ ዘንድ የወጣሁ ሰው ምን ልበል? አላውቅም ስላቸው "ደበቀን" ይላሉ። ሹሞቹን ጠይቁ ስላቸው "ኮራብን" ይላሉ። በመጨረሻ አንድ መላ አገኘሁ። አካፋዬን እደገፍና ረዘም አድርጌ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ "እንደ አያያዙ ነው" እላለሁ። ሁሉም አመስግኖኝ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠ ሹም አላጋጠመኝም።

ታዲያ አንድ ጥር፣ ገበያው ዳር ነጋሪት ተጎሰመ። ሥራ አቁመን ሰማን፤ ነጋሪት ሥራ ከሚያስቆሙ ጥቂት ደግ ነገሮች አንዱ ነው። አዋጁ ስለ እሳት ነበር። የሳር ቤት ያለህ ሁሉ አንድ ጋን ውሃ ሞልተህ ደጅህ ላይ አቁም። ጥራጊህን ሰብስበህ አቃጥል። እሳት ተነስቶ ኡኡታ ሲሰማ ሁሉም ይውጣ፤ ያልወጣ ይቀጣል። ዘበኛ በየደጁ እየዞረ ያያል።

አዋጅ ነጋሪው አፉን ሳይዘጋ ሰዉ ወደኔ ዞረ። ጋኑ የተሰነጠቀ ከሆነስ? ውሃውን አህያ ቢጠጣውስ፣ የሚቀጣው ባለ ጋኑ ነው ባለ አህያው? ጨው ሻጩ ደግሞ ጣራው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሳር ስለሆነ ግማሽ ጋን ይበቃው እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደ አያያዙ ነው አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

አዋጁ መልካም ነበር፤ አልዋሽም። ሳር ቤቶቻችን ክዳን ለክዳን ተነካክተው የሚኖሩ ስለሆኑ አንዱ ቤት ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ይላል። ችግሩ ወሩ ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ በሰርግ ወር ደግሞ ባዶ ጋን የለም። አዋጁን የጻፈው ሰው ወይ አላገባም ወይ ልጅ ድሮ አያውቅም።

በኛ መንደር የሚድሩት እትዬ ዘነበች ነበሩ። መንገዱን ከምንሠራበት ዝቅ ብሎ ባለው ቤት የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ቅራሪ የሚያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸውን አስካለን ብቻቸውን አሳደጉ። የሙሽራው ወገን ደህና ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ "የድሃ ልጅ ድግሱም የድሃ ነው" ብለዋል የሚል ወሬ ጆሯቸው ገብቷል። ከዚያ ወዲህ እትዬ እንቅልፍ የላቸውም። ሚዜዎቹ አፋቸው ደርቆ ከተመለሱ ነገሩ ልጅቱን እስክታረጅ ይከተላታል። ጎረቤቱም ይሄን አውቆ እያንዳንዱ በየቤቱ በገዛ ጋኑ ለእሁዱ ሰርግ ጠላ ጠምቆላቸዋል። ወጉ እንደዚህ ነው፤ የአንዱ ሰርግ በሁሉም ቤት ይፈላል።

ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ድንቁ ነው። ድንቁ የእትዬ የግድግዳ ጎረቤት ነው። ዕድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም፤ ግን እኔ ድንጋይ ላይ የፈጀሁትን ጉልበት እሱ ሙግት ላይ ነው የፈጀው። ከእትዬ ጋር በአንዲት ጠባብ የአጥር መሬት ዳኛ ፊት ከቆሙ ሁለት ክረምት አልፏቸዋል። ጋን አበድረን ሲባል "የኔ ጋን ለአዋጅ ነው" አለ። እንዳለውም ደጁ ላይ ገተረው፤ ክዳኑንም በጭቃ መረገው። ምነው ቢባል፣ አህያ እንዳይጠጣው ነው አለ።

እትዬ ዘነበች ወደኔ መጡ። "ታዴ፣ አዋጁ ጋን ነው ያለው ወይስ ውሃ?"

ሁለቱንም ብሏል አልኳቸው። ውስጡን ማን ያየዋል አሉኝ። አካፋዬን ተደገፍኩ፤ ረዘም አድርጌ ተነፈስኩ። የምለውን ታውቁታላችሁ።

ሲመሽ መንደሩ ሁሉ ሕግ አክባሪ ሆነ። በየደጁ አንድ አንድ ጋን፣ በየጋኑ የሰርግ ጠላ።

አርብ ዕለት ዘበኛው መጡ። ባሻ ይርጉ ይባላሉ፤ ጠብመንጃቸው ከሳቸው ትንሽ ይረዝማል፣ ሪዛቸው ከጠብመንጃው ይበልጥ ያስፈራል፣ ልባቸው ግን ቅቤ ነው። የመጀመሪያውን ክዳን ከፍተው ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እትዬ ዘነበች ጣሳ ይዘው ደረሱ፤ ምርመራ በአፍንጫ ብቻ አይሆንም ብለው ቀዱላቸው። ባሻ ጨለጡት። "ውሃ አይደለም" አሉ፤ ሐቀኛ ሰው ናቸው። ተሳስቼ እንዳይሆን ብለው አንድ ደገሙ። እንዲህ እያሉ ከደጅ ደጅ ሄዱ። መጨረሻው ቤት ሲደርሱ ምርመራውን በዜማ ነበር የሚያካሂዱት። ፍርዳቸውም ለስላሳ ሆነ፤ ሰርጉ እሁድ ያልቃል፣ ሰኞ ሁሉም ውሃ ይሙላ። ከሰኞ በፊት እሳት ቢነሳስ ብሎ አንዱ ጠየቀ። ባሻ ቆም ብለው አሰቡና "እሱም እስከ ሰኞ ይታገሥ" አሉ።

የድንቁን ጋን በጣታቸው አንኳኩ። ሙሉ ነው። ጭቃውን አይተው፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ከሱ ተማሩ ብለው ሁላችንንም ወቀሱን። ድንቁ አንገቱ ረዘመ።

እሳቱ ግን አዋጅ አይሰማም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድንቁ የአዋጁን ሁለተኛውን ክፍል ሊፈጽም ተነሳ። ጥራጊውን ሰበሰበ። ዘበኛው እንዲያይለት ደጁ ላይ፣ እዚያው ከቤቱ የሳር ክዳን ሥር አቃጠለው። ነፋስ መጣ። አንድ ጭራሮ እየነደደ ብድግ አለና የድንቁ ሳር ላይ አረፈ።

ኡኡታው ተሰማ። ባሻ ይርጉ ወደ ሰማይ ተኮሱ። እኔ ከነአካፋዬ ሮጥኩ፤ መንደሩም ወጣ። ምንጩ ቁልቁል ነው፣ ውሃ ቀድቶ እስኪመለስ ቤት አይተርፍም። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ አፍ ወደ አንዱ የውሃ ጋን ሮጥን፤ ወደ ድንቁ።

ድንቁ ጋኑን እንደ እናቱ አቅፎት አገኘነው።

"አንተ፣ ቤትህ እየነደደ ነው እኮ" አሉት ባሻ።

"አይቻለሁ" አለ።

"ታዲያ ልቀቀዋ።"

"ይሄ ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ ነው።"

ሰውየውን ድንጋጤ መታው፣ አበደ አልን። የሚያስለቅቀው ጠፋ፤ እሳቱ ይንጣጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ዓይን ወደ እትዬ ዘነበች ዞረ። አንዲት ሴት በጆሯቸው፣ ነፋሱ ወደዚያ ነው የሚነፍሰው፣ የእርስዎን ቤትም ዳሱንም አይነካም አለቻቸው። እውነቷን ነው። እትዬ ዳሱን አዩ። በየደጁ የተሰለፉትን ጋኖች አዩ። በር ላይ የቆመችውን አስካለን አዩ።

"ክፈቱት" አሉ።

"የቱን?"

"ሁሉንም። ጎረቤቴ አመድ ላይ ተቀምጦ ልጄን አልድርም።"

እኔ አካፋ ያለኝ ስለሆንኩ ጣራ ላይ ወጣሁ፤ የነደደውን ሳር እየዛቅኩ እጥላለሁ። ከታች በቅል፣ በማሰሮ፣ በጣሳ፣ በባርኔጣ ሳይቀር ጠላ ይረጫል። ግማሹ እሳቱን ግማሹ እኔን ያገኘኛል። እሳቱ ቸስ ባለ ቁጥር ጌሾ ጌሾ የሚሸት እንፋሎት ይነሳል፤ አንድ ሽማግሌ እየረጩ ጢማቸውን ሲልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የክዳኑ ሩብ ነዶ እሳቱ ጠፋ። የጠፋው ሰክሮ ነው የሚሉ አሉ።

ከዚያ ዞር ብለን አየን። በየደጁ ባዶ ጋን። ሰርጉ ነገ ነው። መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዪቱ ናት። እኔን ከጣራ ስወርድ አይታ ነው፤ ከጸጉሬ እስከ እግሬ ጠላ እያንጠባጠብኩ። እሷ ስትስቅ እናቷ ሳቁ፣ እናቷ ሲስቁ መንደሩ ሳቀ። ድንቁ ብቻ አልሳቀም። እጁ አሁንም ጋኑ ላይ ነበር።

ባሻ ይርጉ ቀረብ አሉና በጠብመንጃው ሰደፍ ጭቃውን ነካ አደረጉት። ክዳኑ ተከፈተ። የማር ሽታ መንደሩን አለበሰው።

ጠጅ። ያውም የቆየ፣ ወርቅ የመሰለ ጠጅ።

እትዬ ዘነበች ሄደው የነጠላቸውን ጫፍ ከድንቁ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩና "በሕግ አምላክ" አሉ። መቼም ወጋችንን ታውቁታላችሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ከተቋጠሩ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው፣ ፍረድ ሲባል እምቢ ማለት የለም። ባሻ፣ እኔ ምስክር ነኝ አይሆንልኝም አሉ። ሌላው ሁሉ ጋን ያስከፈተ ባለጉዳይ ነው። አካፋዬን ይዤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ የነበርኩት ሰውዬ፣ ቀና ስል የመንደሩ ዓይን እኔ ላይ ነው።

"ይኸው የማዘጋጃ ቤቱ ሰው" አሉ።

እትዬ ክሳቸውን ተናገሩ፤ ጠላዬን ጣራው ጠጣው፣ እሱ ግን ጠጁን አቅፎ ቆመ። ድንቁም የለመደው ነገር ስለሆነ ቶሎ ተመለሰ። ማን አፍስሱ አላቸው? በገዛ እጃቸው ነው ያስከፈቱት፤ እኔ ስጡኝ አላልኩም አለ። እውነት ነው፤ አላለም። እኔም ሕግ አላውቅም። የማውቀው ቢኖር የደከመው ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ብቻ ነው።

"ድንቁ፣ ጠጁ ለማን ነበር?"

ደግሜ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ "ለዋሶቼ" አለ። ሰኞ የአጥሩ ሙግት አለ፤ ዋሶቹና ምስክሮቹ እትዬ ዘነበችን እንዲረቱለት እሁድ ማታ ሊጋብዛቸው ነው። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ እትዬም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ነጠላው ሲሳብ ድንቁም አብሮ ተሳበ።

ፍርዴን ሰጠሁ። "ጣራህ ከሰርጉ አስቀድሞ ገብቶ ጠጥቷል። እድምተኛ ነው ማለት ነው። ባዶ እጁን መጥቶ በልቶ ጠጥቶ የሚሄድ እድምተኛ ደግሞ የለም። ጋኑ ወደ ዳሱ ይግባ።"

ድንቁ ይግባኝ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። የተቃጠለውን ክዳኑን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ "አንድ ሰው በዚያ በኩል ይያዝልኝ" ብሎ ጋኑን ራሱ አነሳ። ቋጠሮውን ማንም ስላልፈታው እትዬም አብረው እየተጎተቱ ሄዱ።

ሰርጉ በጠጅና ከየቤቱ በተለቃቀመ ቅራሪ ሆነ። ሚዜዎቹ ጠጁን ከቀመሱ በኋላ ቅራሪውን ማንም አላስታወሰም፤ የሙሽራው ወገን እንዲህ ያለ ጠጅ ያለበትን ቤት ነው ለካ የናቅነው ተባባሉ። የድንቁ ዋሶችም ድርሻቸው አልቀረባቸውም፤ መጥተው ዳሱ ውስጥ ጠጡት። የሰው ዳስ ጠጅ ጠጥቶ ሰኞ በባለቤቱ ላይ መመስከር ስለሚከብድ፣ ሰኞ ዳኛው ፊት የቀረበ የለም። ድንቁ ሲቀዳ ዋለ። አጥሩ ዛሬም ያው እዚያው ነው፤ በር ግን ወጥቶለታል።

ሰኞ ባሻ ይርጉ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ጋኑ ሁሉ ታጥቦ፣ አዋጁ እንዳለው እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። አንዱን ከፈቱ፣ አሸተቱ። ሁለተኛውን ከፈቱ። እየሄዱ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። መጨረሻው ደጅ ሲደርሱ ጣሳቸውን ወደ ብብታቸው መልሰው እኔ ድንጋይ የምፈልጥበት ድረስ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ምነው ባሻ፣ ያጠፋ ሰው አገኙ እንዴ?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ" አሉኝ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። "ሁሉም ውሃ ነው።"