ሊቀ መንገድ ይሻው

ኮምፒውተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «እኔ ሳላውቅ ማንም እንዳይነካ» የሚል ሰው አያጣም። ሥራ አስኪያጅ ይነሣል፣ ጥበቃ ይቀየራል፣ እሱ ግን ከነቁልፉ እዚያው ነው። ደብረ ታቦር ባለው የገበሬዎች ዩኒየናችን ይህን ወንበር የያዙት ጋሽ ይሻው ናቸው። በሹመታቸው የኔትወርክ ባለሙያ ይባላሉ፤ እኛ ከጀርባቸው ሊቀ መንገድ እንላቸዋለን።

ማዕረጉን ያገኙት በጌትዌይዋ ነው። ጌትዌይ የምንላት መረጃችንን ወደየቅርንጫፉ የምትሸኝ ትንሽ ሳጥን ናት። ከተፈቀደላት መንገዱን ራሷ ትፈልጋለች፤ አንዱ መስመር ሲቆረጥ በሌላው ታዞራለች። ጋሽ ይሻው ግን አይፈቅዱላትም። የሐሙሲት በዚህ ይለፍ፣ የእስቴ በዚያ ይለፍ እያሉ እያንዳንዱን መንገድ በእጃቸው ይጽፉላታል። የጻፉትን እሳቸው እስኪሽሩት ድረስ የሚያነቃንቀው የለም። መስመሩ ቢሞት እንኳ ሳጥኗ መረጃውን ወደ ሞተው መስመር መላኳን አትተውም፤ ታዛዥ ናትና።

«ራሷ ትፈልገው» ያላቸው ሰው ወዮለት። እናትህ ከገጠር ቅቤ ስትልክልህ ለማን እንደሰጠች ሳትነግርህ ትልካለች ወይ ብለው ያፋጥጡታል። ከአፋቸው የማትጠፋው ቃል «በማን በኩል?» ናት። አዲስ ፕሪንተር ሲገዛ በማን በኩል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም በማን በኩል። አንዴ የታመመች ባልደረባችንን ልንጠይቅ ስንነሣ በየትኛው የሆስፒታል በር እንደምንገባ እስኪወሰን ግቢ ውስጥ አቁመውን የመጠየቂያው ሰዓት አለፈ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ግን፣ የሐሙሲት ገበያ በቆመበት ቀን፣ መንገድ የሚሠራ ዶዘር ወደዚያ የሚሄደውን መስመራችንን በጠሰው። የምርጥ በቆሎ ዘር ጥያቄ የሚዘጋው ደግሞ በዚያው ዕለት ማታ፣ ቢሮ ሲዘጋ ነው። እኛ ዘንድ ያለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር የሚቀበለው ከቅርንጫፉ ኮምፒውተር በቀጥታ የመጣውን ብቻ ስለሆነ፣ የሐሙሲት ገበሬዎች ስም ካልደረሰ ዘንድሮ ዘር የላቸውም። ቅርንጫፉን ብቻዋን የምትይዘው ፈንታነሽ፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ገና ኑሮ መጀመሯ ነው፤ ገበሬው ከብቧት ስልክ ላይ ልታለቅስ ደርሳለች።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በወረታ ቅርንጫፍ በኩል የሚዞር ሌላ መስመር አለን። ጋሽ ይሻው የኛዋን ሳጥን ወዲያው አዘዟት። ሆኖም የሐሙሲቷም ሳጥን በወረታ በኩል መልሺ ካልተባለች የሄደው አይመለስም። እንግዲህ የይለፍ ቃሉን ለፈንታነሽ በስልክ ነግሮ መንገዱን ማስጻፍ ነው ብዬ ለመንኳቸው። «አይሆንም» አሉና ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

ወዴት ነው ስል ለካ ራሳቸው ወደ ሐሙሲት ሊሳፈሩ መናኸሪያ ሄደዋል። እኔ ሰዓቱን እያየሁ እበግናለሁ፤ እሳቸው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ወረታ ደርሰው ሲደውሉ ደግሞ ሌላ መኪና እስኪሞላ እየጠበቁ ነው። ፈንታነሽ በደወለች ቁጥር «መጡልሽ» እያልኩ ስልኩን ስዘጋ አፌ ያመጣልኝን እናገራለሁ። ሁዳዴ ጾም መሆኑንም ረስቼው ነበር።

ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የገበሬዎቹ ስም አንድ በአንድ እየገባ መጣ። መጨረሻው እንደገባ ጋሽ ይሻው ደወሉ። ደስታዬም ንዴቴም አንድ ላይ ነበሩ።

«ጋሽ ይሻው፣ በስልክ ቢነግሯት ጠዋት አያልቅም ነበር?»

ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ብትሳሳትሳ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳጥኗ ተቆልፋባት ብትቀር፣ ይህ ሁሉ ገበሬ ዘር ያጣነው በፈንታነሽ ነው ሊል ነው። ልጅቱ ኑሮዋ እዚሁ ነው፤ ውኃ የምትቀዳው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ከነሱ ጋር ነው። ብሳሳት እኔን ይርገሙኝ። እኔ እንደሁ ደብረ ታቦር ነኝ።»

በሰላም ይግቡ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ አሰለፈች ሰበሰቡን። ከእንግዲህ ሳጥኖቹ መንገዱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ይደረግ፣ የይሻው ነገር በዛ አሉ። ሐሳቡን ስወተውት የኖርኩት እኔ ነኝና ደግፍ ብለው ወደኔ ዞሩ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ግድ የለም፣ ለጊዜው ባለበት ይቆይ አልኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ስትነዘንዘኝ የከረምከው?» አሉ።

እኔ ነኝ። እርግጥ ሳጥኗ ራሷ መንገድ ብታገኝ ኖሮ ያ ሁሉ መከራ ባልመጣ። ግን የሌላ ሰው እርግማን ሊቀበል ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከየት አባቴ አመጣለሁ?