የኩራቢን ኮረብታ ክብረ ወሰን ጉዳይ

የኩራቢን ኮረብታ የመኪና ውድድር ወዳጆች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ኦገስት 10 ቀን 2025
ቦታ፦ የማኅበሩ አዳራሽ፣ ማለትም ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ክፍል፤ ኩራቢን፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
የተጀመረበት ሰዓት፦ በጥሪው ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ይላል። ማሞቂያው እስኪነሳ ስለተጠበቀ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ሌስተር ግሪብል፣ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የበግ ሸላች
2. አቶ ኖርማን ኩዊል፣ በየመታጠፊያው ቆመው ለተወዳዳሪዎች ምልክት የሚሰጡት የባንዲራ ሠራተኞች ኃላፊ
3. ወ/ሮ ሜቪስ ዳንክሊ፣ የሻይ ቤቱ ኃላፊ
4. አቶ ዴዝሞንድ ትሬሎር፣ የክብር አባል፣ ከ1983 ጀምሮ የሜዳው የፈጣን ዙር ክብረ ወሰን ባለቤት
5. ወ/ሪት ብሮንዊን ትሬሎር፣ ተወዳዳሪና መካኒክ፣ የአቶ ዴዝሞንድ ልጅ
6. ወ/ሮ ኦድሪ ፔንጌሊ፣ ፀሐፊ (ባለፈው ስብሰባ ወተት ልታመጣ በወጣችበት በሙሉ ድምፅ የተመረጠች)
7. አቶ ክላረንስ በትል፣ በውክልና

በተጋባዥነት፦ ወ/ሪት ኢሞጀን ላስካሪስ፣ ሜዳውን በቅርቡ የገዛው የኦሬሊክስ ኩባንያ የባለድርሻ አካላት ግንኙነት ኃላፊ፣ ከሲድኒ

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ሰባት ሰው ያስፈልጋል። አቶ ክላረንስ ካረፉ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም፣ ሆስፒታል ሲገቡ "እስክመለስ" ብለው ለሊቀመንበሩ የሰጡት ውክልና እስካሁን አልተሻረም። እሳቸውን ከአባልነት ለመሰረዝ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ከተሰረዙ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ የሚባል ነገር አይኖረንም። ስለዚህ እንደተገኙ ተቆጥረው ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ። "ተነታርከን ተለያየን" ይላል። አቶ ኖርማን እሳቸው እንዳልተነታረኩ፣ ትክክል መሆናቸውን ብቻ ደጋግመው እንዳስረዱ ገልጸው እርማት ጠየቁ። እርማቱ ላይ ንትርክ ስለተነሳ ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ሊቀመንበሩም ከዛሬ ጀምሮ አባላት የሚናገሩት ቃል በቃል እንዲያዝ አዘዙ። ፀሐፊዋ "ይቅርባችሁ፣ በኋላ ታፍራላችሁ" ብትልም የሰማት አልነበረም።

አጀንዳ 2፦ የኩባንያው ማብራሪያ

ወ/ሪት ኢሞጀን አንድ ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። ሥዕሉ ኮረብታው ጫፍ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል፣ ከሥሩ ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚነሳበት ኩሬ፣ በኩሬው ዳር ደግሞ ነጭ የለበሱና ምንም ሥራ የሌላቸው ቀጫጭን ሰዎች ያሳያል። አቶ ኖርማን የውድድሩ መንገድ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሪት ኢሞጀን በኩሬውና በመኪና ማቆሚያው መካከል ያለችውን ግራጫ ክር በጣታቸው አሳዩ። ኮረብታውን የሚወጡት ሁለቱ መታጠፊያዎች ሆቴሉ ስለሚያርፍባቸው እንደሚቀሩ፣ የሜዳው ታሪካዊ መንፈስ ግን ሙሉ በሙሉ እንደሚጠበቅ አረጋገጡ።

ሊቀመንበሩ መንፈሱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቁ። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን እንደሚሆን ተነገራቸው። ወ/ሮ ሜቪስ "ከባሕር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን ተቀምጠን፣ ማዕበል አምጡልን ያላችሁ ማን ነው?" አሉ። ወ/ሪት ኢሞጀን ጥናት መደረጉን ገለጹ። ወ/ሮ ሜቪስ ጥናቱ ሲደረግ እሳቸው የት እንደነበሩ ለማወቅ ፈለጉ።

በመቀጠል ወ/ሪት ኢሞጀን ወደመጡበት ጉዳይ ገቡ። ከድሮው ባለቤት ጋር በተደረገው ውል መሠረት የመንገዱን ቅርፅ ለመለወጥ የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኩባንያው ሜዳውን ሲገዛ ይህን አንቀጽ አብሮ ገዝቶታል፤ ያነበበው ግን ከገዛ በኋላ ነው። ፈቃዱ ዛሬ ከተፈረመ ቡልዶዘሮቹ በሴፕቴምበር ይገባሉ። ማኅበሩም በምላሹ አዲስ መፀዳጃ ቤት ይሠራለታል።

ከመቶ ዓመት በላይ መኪና የሮጠበት ኮረብታ መቆረጥን በተመለከተ አጭር፣ መፀዳጃ ቤቱን በተመለከተ ግን ረዥም ውይይት ተደረገ። አሁን ያለው መፀዳጃ ቤት ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ውድድር ከተጀመረ በኋላ የሚሻገር የለም። ሊቀመንበሩ "ሃያ ዙር እስኪያልቅ መጠበቅ በእኔ ዕድሜ ቀልድ አይደለም" ሲሉ ከልባቸው ተናገሩ። አቶ ኖርማን በበኩላቸው እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባንዲራ ይዘው እንደቻሉት ጠቅሰው፣ ችግሩ የመፀዳጃ ቤቱ ሳይሆን የቢራው መሆኑን አስረዱ። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ በሚለው ላይ ስምምነት ባለመገኘቱ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ።

አጀንዳ 3፦ ፈቃዱን መስጠት ወይም መከልከል

አቶ ዴዝሞንድ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡና ፈቃዱ አሁኑኑ፣ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ይፈረም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ዴዝሞንድ የሻይ ማፍያውን መለወጥ፣ የበሩን ቀለም ማደስና ለወንበሮቹ ትራስ መግዛትን በተከታታይ የተቃወሙ ሰው ናቸው። አምና አንድ የደረቀ ባሕር ዛፍ እንዳይቆረጥ ሥሩ ተቀምጠው ምሳቸውን በልተዋል።

ወ/ሪት ብሮንዊን "አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዴዝሞንድ "ደህና ነኝ። ለውጥ ያስፈልጋል" ብለው መለሱ። ወ/ሮ ሜቪስ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው መሆኑን ጠቅሰው ውሃ አቀረቡላቸው።

በዚህ ጊዜ አቶ ኖርማን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። በውድድር ሕግ መሠረት የአንድ ሜዳ መንገድ ቅርፁ ሲለወጥ፣ በአሮጌው ቅርፅ የተመዘገበው ክብረ ወሰን እዚያው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚሰብረው የለም፤ ባለቤቱ ቢሞትም የእሱ ሆኖ ይኖራል። አቶ ኖርማን፣ ወ/ሪት ብሮንዊን በኤፕሪል ውድድር የአባታቸውን ክብረ ወሰን ለጥቂት እንደሳቱት፣ ቀጣዩ ውድድር ደግሞ በኦክቶበር መሆኑን ካስታወሱ በኋላ፣ "ዴዝ፣ አንተ ዶዘር የምትጠራው የገዛ ልጅህን ሽሽት ነው" አሉ።

አቶ ዴዝሞንድ ነገሩ ከማኅበሩ ዕድገት አንጻር ብቻ እንዲታይ አሳሰቡ። ወ/ሪት ብሮንዊን "ታዲያ ለምን ቤት አልነገርከኝም? ጠዋት እንቁላል አብረን በልተን አይደል የመጣነው?" አሉ። አቶ ዴዝሞንድ "እንቁላሉ አጀንዳ አይደለም" ሲሉ መለሱ። ሊቀመንበሩ እንቁላሉ አጀንዳ አለመሆኑን አረጋገጡ።

ቀጥሎም ሊቀመንበሩ አስታራቂ ያሉትን ሐሳብ አቀረቡ። ቡልዶዘሮቹ እስከ ኦክቶበሩ ውድድር ይታገሡ፤ እስከዚያው የመጀመሪያው መታጠፊያ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል በአካፋ ይገፋ። ያኔ ቅርፁ ተለወጠ ይባላል፤ የአባትየው ክብረ ወሰን ይዘጋል፣ ልጅቷም በአዲሱ ቅርፅ ላይ የራሷን ትይዛለች። ወ/ሪት ኢሞጀን መሬቱ የኩባንያው ስለሆነ መቆፈር እንደማይቻል ገለጹ። ሊቀመንበሩ እንግዳዋ ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ ሲቆፈር የኖረ መሬት መሆኑን በትሕትና አስረዷቸው።

ወ/ሪት ብሮንዊን በአስታራቂው ሐሳብ ላይ የተናገሩት ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦ "የራሴን ክብረ ወሰን ማን ጠየቀ? እኔ የምፈልገው የሱን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው የሱን ነው። በአካፋ የተሠራውን ለራስህ ያዘው።"

በአስታራቂው ሐሳብ መሠረት ፈቃዱ እንዲሰጥ ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ አራት፦ ሊቀመንበሩ፣ አቶ ክላረንስ (ሊቀመንበሩ እንዳሉት መፀዳጃ ቤቱን አስበው)፣ ወ/ሮ ሜቪስና አቶ ዴዝሞንድ። ተቃውሞ ሁለት፦ አቶ ኖርማንና ወ/ሪት ብሮንዊን። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፦ ፀሐፊዋ፤ እየጻፈች እጇን ማውጣት ስላልቻለች ነው እንጂ ሐሳብ አጥታ አይደለም።

ውሳኔ፦ ፈቃዱ ተሰጠ። የአካፋው ሥራ እስከ ቅዳሜ በሊቀመንበሩ ይፈጸማል። አካፋውን ወ/ሮ ሜቪስ ያውሳሉ።

አጀንዳ 4፦ የመታሰቢያ ሰሌዳ

ወ/ሪት ኢሞጀን ደስታቸውን ገልጸው፣ ኩባንያው በሆቴሉ መግቢያ ላይ የአቶ ዴዝሞንድን ክብረ ወሰን የሚዘክር የነሐስ ሰሌዳ እንደሚያቆም አበሠሩ። ረቂቁንም አነበቡ። አቶ ዴዝሞንድ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን "ማንም ሊደርስበት ያልቻለ" የሚል ይጨመርበት አሉ። ወ/ሮ ሜቪስ "ሊደርስበት" ይሻላል ወይስ "ሊቀርበው" ሲሉ ጠየቁ። "ሊቀርበው" እንዳይባል ልጃቸው ቀርበውታል ተብሎ ውድቅ ተደረገ።

አቶ ኖርማን ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። ወረቀት ላይ የሚጻፍ ውሸት ለምደው እንደሚኖሩ፣ ነሐስ ላይ ሲቀረጽ ግን ዝም ማለት እንደማይችሉ ገለጹ። ቃላቸው እንዲህ ነው፦ "በኤፕሪሉ ውድድር የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እንደዚያ ስትመጣ አይቼ አላውቅም። ከፊቷ መኪና የለ፣ መንገዱ ደረቅ። ቀጥታው ላይ ስትወጣ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሣች። ክብረ ወሰኑ እጇ ገብቶ ነበር፣ ተወችው። እስከዛሬ ዝም ያልኩት የአባትና የልጅ ነገር ነው ብዬ ነው።"

ሊቀመንበሩ ወ/ሪት ብሮንዊን መልስ እንዲሰጡ ጋበዙ። ወ/ሪት ብሮንዊን ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ እንደነበር ተናገሩ። አቶ ኖርማን በዕለቱ ፀሐይ የሚባል እንዳልነበረ አስታወሱ። ወ/ሮ ሜቪስም ቀኑን ሙሉ ሾርባ ሲሸጡ መዋላቸውን በመጥቀስ ይህን ደገፉ።

አቶ ዴዝሞንድ "አንሥተሻል?" ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሪት ብሮንዊን "አዎ" አሉ። "ለምን?" ተባሉ።

"በዚያ ሳምንት ሐኪሙ ዓይንህን አይቶ መንጃ ፈቃድህን ወስዶብህ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ስታየው ዋልክ፣ አባዬ። ሁለቱንም ባንድ ሳምንት ስታጣ ማየት አልቻልኩም።"

አባላቱ የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ከዚህ በፊት አልሰሙም። አቶ ዴዝሞንድ በልጃቸው መኪና የሚመጡት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ተብለን ነበር። ፀሐፊዋ ይህ ከቃለ ጉባኤው ይውጣ ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ዴዝሞንድ "ተዪው፣ ይጻፍ" አሉ።

ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ማን እዘኚልኝ አለሽ?" አሉ። ወ/ሪት ብሮንዊን ማንም እንዳላለ መለሱ። አቶ ዴዝሞንድ "መንጃ ፈቃዴን እሺ፣ ሐኪም ወሰደው። ይሄን ግን ታግዬ የያዝኩት ነው እያልኩ ስንጎራደድ፣ ለካ ከኤፕሪል ወዲህ በምጽዋት ነው የያዝኩት" አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለነበር ከሻይ ቤቱም ይሰማ ነበር።

ወ/ሪት ኢሞጀን ታሪኩ ለማስታወቂያ እጅግ ተስማሚ መሆኑን ገልጸው፣ አባትና ልጅን ጎን ለጎን አቁመው ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቁ። ወ/ሮ ሜቪስ ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ እንግዳዋ እጅ ላይ አኑረው አስቀመጧቸው።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

አቶ ዴዝሞንድ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኖርማን ደገፉ። ሊቀመንበሩ መፀዳጃ ቤቱ ብቻ ሳይሻር ሊቀር ይችል እንደሆነ ጠየቁ፤ ወ/ሪት ኢሞጀን ፈቃድ ከሌለ መፀዳጃ ቤትም እንደሌለ አረጋገጡላቸው። ሊቀመንበሩ በመስኮቱ መንገዱን፣ ከመንገዱም ማዶ ያለውን ተመለከቱ። ከዚያ "እንግዲህ እንችለዋለና" አሉ። ወ/ሪት ኢሞጀን ለመሥሪያ ቤታቸው ምን ብለው እንደሚነግሩ ሲጠይቁ፣ የበሩ ጉዳይ ገና በንዑስ ኮሚቴ እየተጠና ነው እንዲሉ ተመከሩ።

በመጨረሻም የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተሰጠው የቅርፅ ለውጥ ፈቃድ፣ የአካፋው ሥራ፣ መፀዳጃ ቤቱ፣ የበሩ ንዑስ ኮሚቴና የነሐስ ሰሌዳው እንዳልተወሰኑ ይቆጠራሉ። የኦክቶበሩ ውድድር በአሮጌው መንገድ፣ ኮረብታውን ከነሁለት መታጠፊያው ይዞ ይካሄዳል። በዕለቱ ለአቶ ዴዝሞንድ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ከአቶ ኖርማን ጎን ወንበር ይቀመጥላቸዋል። ሊቀመንበሩ ከዚያ ምን ይታይሃል ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ ዴዝሞንድ "ምንም አይታየኝም፣ ግን እሰማለሁ። እግሯን ካነሣች ሞተሩ ይነግረኛል" ሲሉ መለሱ። ወ/ሪት ብሮንዊን "አላነሣም" ብለው ለጉባኤው ቃል ገቡ፤ ስብሰባውም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተዘጋ።