«አይሆንም» የሚል ሶፍትዌር ለፍራሽ ፋብሪካ ስለመሸጥ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:00 ሰዓት
ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ ካልተደገፈ የማይዘጋው ትንሹ የስብሰባ ክፍል
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ ለደንበኛ ሁሉ ከሚሉት ተነሥቶ «አቶ ይቻላል» የሚባሉት የሽያጭ ኃላፊ፣ አማካሪዋ፣ ፕሮግራመሩ፣ ጸሐፊዋ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ፕሮግራመሩ በሩን በጀርባው ደግፎ እንዲቀመጥ ከተደረገ በኋላ ተሟልቷል።

ጸሐፊዋ ቅዳሜ ከፕሮግራመሩ ጋር እንደሚጋቡ፣ ሠርጉም በሥራ ብዛት ሁለት ጊዜ መራዘሙን አስመዝግባለች። ሰብሳቢው «እሱን ተይውና ዝም ብለሽ ጻፊ» ስላሏት ዝም ብላ ጽፋለች።

አጀንዳ 1፦ የፋብሪካው ጥያቄ
አቶ ይቻላል እንዳስረዱት፣ ፍራሽ ፋብሪካው የሽያጭ ሶፍትዌራችንን ከነማማከር አገልግሎቱ ለመግዛት ዛሬ ይፈርማል። ሆኖም ባለቤቱ ዘመድ ሁሉ ነጻ ፍራሽ ሲጠይቃቸው ዓይን ዓይኑን እያዩ እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው፣ ሶፍትዌሩ በእሳቸው ፈንታ እምቢ እንዲል ፈልገዋል። ፕሮግራመሩ እንዲህ ያለ ነገር የለውም ብሏል። አቶ ይቻላል «አለው ብያቸዋለሁ እኮ» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ አለው እንዲባል ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የእምቢታው ዓይነት
ሰብሳቢው ሶፍትዌሩ ለአክስት በትሕትና፣ ለአማች ቆጣ ብሎ እንዲመልስ ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ይቻላል ለአጎት ልጅ ስክሪኑ ድርግም ይበል ብለዋል። አማካሪዋ ግን ሰውየው የሚያስፈልጋቸው ልምምድ እንጂ ሶፍትዌር እንዳልሆነ በጥናት ደርሳበት፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው «አይሆንም» እንዲሉ እንደመከረቻቸው ገልጻለች። አቶ ይቻላል «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ወገን ነሽ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ምርትና ምክር ተጣምረው የሚሸጡ በመሆኑ፣ አቶ ይቻላልና አማካሪዋ ወንበር አጠጋግተው እንዲቀመጡ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ማን ይሥራው
ፕሮግራመሩ ቅዳሜ ቢሮ ገብቶ እንዲሠራው ተወስኗል። ፕሮግራመሩ «እሺ» ብሏል። ጸሐፊዋ በደንብ እንዳልሰማች ገልጻ እንዲደግመው ጠይቃለች። ደግሞታል፣ ድምፁ ግን ቀንሷል። ጸሐፊዋ በጣም ተናዳለች።

በዚህ መካከል የፋብሪካው ባለቤት ደውለው በስልኩ ድምፅ ማጉያ ተሰምተዋል። ልምምዱ እንደሠመረላቸው፣ ዛሬ ጠዋት ለአክስታቸው አይሆንም ብለው ምንም እንዳልሆኑ በደስታ ተናግረዋል። አቶ ይቻላል ውሉን በስንት ሰዓት እንደሚፈርሙ ሲጠይቋቸው «አይሆንም» ብለዋል። እስቲ ትንሽ ያስቡበት ተብለው ሲለመኑም ደግመውታል። አማካሪዋ በኩራት ዓይኗን ጠርጋለች።

ማጠቃለያ
ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኗል። ሰብሳቢው ፕሮግራመሩን «እንግዲያው ቅዳሜ የሌላውን ደንበኛ ሥራ ትጨርሳለህ» ብለውታል። ፕሮግራመሩ የባለቤቱ «አይሆንም» የተሰማበትን ስልክ አየት አድርጎ «አይሆንም፣ ቅዳሜ አገባለሁ» ብሎ ተነሥቷል። ደጋፊ ያጣው በር ወለል ብሎ ስለተከፈተ ስብሰባው 9:20 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊዋ ማጨብጨቧ ቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዳይገባ ሰብሳቢው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ አይሆንም ብላለች።