ወይን የሚተፋው ሽማግሌ

ወይን ጠጅ ሳይውጥ የሚፈርድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ ፀዳ ከተማ የሚኖረው ጎረቤቴ ጌጡ። ከሱቁ ርካሹን ጠርሙስ ይገዛና ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ አፍንጫውን ይነክርበታል፣ ተጉመጥምጦ ይተፋና «ለዋጋው አይከፋም» ይላል። ከስልኩ የተማረው ነው። በቤቱ ይትፋ፣ እኔ ምን ቸገረኝ?

ጉዱ የመጣው ለወንድሜ ሽማግሌ ሆነን ማክሰኝት የሄድን ዕለት ነው። ሰው ጎድሎን ጌጡን ጨመርነው። የልጅቱ አባት አያ ታከለ ወይን አስመጡና፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀምሰው፣ ንጹሕነቱን አሳይተው ቀዱልን። ጌጡ ተጎነጨና ባዶ ጣሳ ውስጥ እንትፍ!



«ምነው ልጄ፣ መርዝ አገኘህበት?» አሉ አያ ታከለ። መልስም ሳይጠብቁ፣ መርዝ እንደሌለው ለማሳየት በጠርሙሱ የቀረውን ጨለጡት። ሚስታቸው ደግሞ «ኧረ ልጁ ሳይሞትብን!» እያሉ ለመርዙ ማርከሻ ወተት በዋንጫ ይዘው ከጓዳ ሮጠው መጡ።

ጌጡ ዋንጫውን አሽከረከረ። አሸተተ። ተጉመጠመጠና እንትፍ! «ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፤ ለአዘቦት ግን ይሆናል» ብሎ ፈረደ።

አያ ታከለ ብድግ አሉ። «ወይኑስ የሱቅ ነው፣ ይሁን። ላሟ ግን የእኔ ናት! ውጡልኝ!»

ወንድሜ እስካሁን አላገባም። ጌጡ በበኩሉ ነገሩን ደጋግሞ አስቦበት፣ ጭሱ የታጠነው የወተት ቅል ጥፋት እንጂ የላሟ አይደለም ብሎ ፍርዱን አሻሽሏል። ማክሰኝት ሄዶ የሚያደርስለት ሽማግሌ ግን አላገኘም።